ግልባጭ፦ ለካፒቴን ባምላክ

ወይዘሮ አዝመራ ነገሩን የሰሙት ሊሰልሉ ብለው አይደለም። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለው ቤታቸው የእሳቸውን መኝታ ከልጃቸው ክፍል የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ደግሞ እንኳን ወሬ የሰው ትንፋሽ አይመልስም። ጧት አንድ ሰዓት ገደማ ከአልጋቸው ሥር የሚስማር ጣሳቸውን አውጥተው ቀና ሲሉ፣ ባምላክ በወዲያ በኩል ነጭ ሸሚዟን እየተኮሰች በስልክ ስታወራ ሰሙ። «ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ጽፌ ሰጥቻለሁ እኮ። ድሬዳዋ አልሄድም። እናቴ አርጅታለች፤ ከእኔ ሌላ ጧሪ የላትም።» ከዚያ የወዲያኛውን ሰው አዳመጠች። «ገባኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልፈረምሁ እንደለቀቅሁ ቁጠሩት» አለችና ስልኩን ዘጋች። ካውያው እንደገና ሸሚዙ ላይ መሄድ ጀመረ።

ያን ጊዜ ጧሪ የላትም የተባሉት ሴት በቀኝ እጃቸው መዶሻ፣ በከንፈራቸው መሃል ሁለት ሚስማር ይዘው ነበር። ደጅ መሰላል ተደግፎ ይጠብቃቸዋል። ከጓሮ ካሉት አራት የኪራይ ክፍሎች የአንዱን ቆርቆሮ ንፋስ ገልጦት ስለነበር፣ ተከራዮቹ ተማሪዎች ከትምህርት ሳይመለሱ ሊመቱት አስበዋል። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ነው። ሚስማሮቹን ከአፋቸው አውጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። በዕድሜያቸው ብዙ ተብለዋል። ምላሰኛ ተብለዋል፣ ኩሩ ተብለዋል፣ ባላቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ እንባቸው ዘገየ ተብለው ታምተዋል። ጧሪ የላትም ያላቸው ሰው ግን እስከዛሬ አልነበረም፤ ያውም በጽሑፍ፣ ያውም የገዛ ልጃቸው።

የጣቢያው መዘጋት ከተማው ሁሉ ያወቀው ነው። ሊማሊሞ አየር የሚባለው፣ አሥራ ሁለት ሰው የሚይዙ ሦስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ያሉት ድርጅት፣ ቱሪስቱ ቢቀንስበት ነዳጁ ቢወደድበት የጎንደር ጣቢያውን ሊዘጋ፣ ካፒቴኖቹንና መካኒኮቹን ጠቅልሎ ድሬዳዋ ሊወስድ ወስኗል። የዛሬው በረራ የመጨረሻው ነው። ባምላክ ለእናቷ «እያሰብሁበት ነው» ስትል ወር አልፏታል፤ እሳቸውም አልጎተጎቱም። ዳሩ ግን ለብቻቸው መንገዱን ጨርሰውታል፤ ለሙቀት አገር የሚሆን ስስ ነጠላ እንኳ ገዝተው አስቀምጠውላታል። የሚሰማቸው ካገኙ ስለዚህች ልጅ ሲያወሩ ይውላሉ። ጎረቤት «አብራሪዋ ደህና ናት?» ሲላቸው፣ «አብራሪማ ብዙ አለ፤ ካፒቴን በሉ» ብለው ያርማሉ። ሰፈሩ ሆን ብሎ እየተሳሳተ ያሳርማቸዋል።

ቁርስ ላይ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዳቦ በሻይ በሉ። የባምላክ ሸሚዝ ትከሻ ላይ አራቱ የወርቅ ቀለም መስመሮች ያበራሉ። ወይዘሮ አዝመራ እነዚያን መስመሮች ሲያዩ ሁልጊዜ ወገባቸው ቀና ይላል፤ ዛሬም ሳይወዱ ቀና አለ። እንቁላል አንዷ ሃያ ብር መግባቷን ተናገሩ። ባምላክ ባለፈው ሳምንት አሥራ ስምንት አልነበረም ወይ አለች። ልጅቱ ብርጭቆዋን ታዞራለች፤ እናትየው የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ያስተካክላሉ። ሁለቱም የማይናገሩት ነገር በመሃላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ አብሯቸው የሚበላ ይመስል ነበር።

«ዛሬ ወዴት ነሽ?»

«ጃናሞራ። የክትባት ሠራተኞቹን ላመጣ ነው። ዳይሬክተሩም ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥተዋል፤ አብረውኝ ይሄዳሉ።»

«ሸጋ» አሉ ወይዘሮ አዝመራ፤ ጃናሞራ የተወለዱበት አገር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ አገሩ አንድ ሰዓት ያወሩ ነበር። ባምላክ ግንባራቸውን ስማ ወጣች። የድርጅቱ ፒካፕ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቁና ወደ ደጅ ወጥተው መሰላሉን ወጡ፤ ቆርቆሮውን መቱ። ከወትሮው ይልቅ ጠበቅ አድርገው ሳይመቱት አልቀሩም። ወርደው እጃቸውን ታጥበው የክት ቀሚሳቸውን ለበሱና በታክሲ ወደ አራዳ ሄዱ።

አራዳ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ አያ ዳኜ የሚባሉ ማመልከቻ ጸሐፊ አሉ። ኮምፒዩተር ቤቶች ከተማውን ቢሞሉትም እሳቸው አሁንም በእስክሪብቶ፣ ወረቀቶቹ መሃል ካርቦን እያስገቡ ነው የሚጽፉት። ወይዘሮ አዝመራ ልጃቸው የበረራ ትምህርት ቤት ስትገባ የቤታቸውን ካርታ ይዘው ዋስ ሲሆኑ ወረቀቱን የጻፉላቸው እኚሁ ሰው ነበሩ። አገር ቤት ወረቀት በወረቀት ነው የሚሻረው፤ ወይዘሮ አዝመራ የሚያውቁት ይህንን ነው። ልጅቱ ጽፋባቸዋለች፤ እሳቸውም ይጽፋሉ።

«ክስ ነው አቤቱታ?» አሉ አያ ዳኜ መነጽራቸውን እየሰኩ።

«አቤቱታ ነው፣ አያ ዳኜ።»

«በማን ላይ?»

«በልጄ ላይ።»

አያ ዳኜ አንገታቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለውን ለምደውታል። «አልጦር አለችሽ? እንግዲህ ዘመኑ ነው፣ አዝመራ።»

«የለም፤ ልጡርሽ ብላ ነው። እኔን ልትጦር ሥራዋን ልትለቅ ነው። አትጡረኝ ብለህ ጻፍልኝ።» በንዴታቸው አንቱታው አምልጧቸው ነበርና ደንግጠው «ይጻፉልኝ» ብለው አስተካከሉ።

አያ ዳኜ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። በአርባ ዓመት ልጄ ጣለኝ፣ ልጄ ረሳኝ የሚል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ልጄ ልትጦረኝ ነውና ይከልከልልኝ የሚል ግን ጽፈው አያውቁም። ይሁን እንጂ እጅ የለመደውን አይተውምና፣ «እኔ አቅመ ደካማ አመልካች» ብለው ጀመሩ። ወይዘሮ አዝመራ መሠረተ ትምህርት የተማሩ ናቸው፤ በትከሻቸው በኩል እያነበቡ ኖሯል። «ምነው አያ ዳኜ? አቅመ ደካማ ማን አለዎት?» አሉ። አያ ዳኜ ለማመልከቻ የሚገባ ቃል ነው፣ ሹም ልቡ የሚራራው በዚህ ነው ብለው ቢያስረዱም አልሆነላቸውም። ወረቀቱ ተቀደደ። ሁለተኛው ላይ «ልጄ አብራሪ ባምላክ» ብለው ጻፉ፤ እሱም ተቀደደ። በሦስተኛው አያ ዳኜ «አንቺው ንገሪኝ፤ እኔ እጄን ላውስሽ» አሉ፤ እሳቸውም ሳያወላውሉ ነገሯቸው።

«ለሊማሊሞ አየር፣ ጎንደር ጣቢያ። ጉዳዩ፦ ጧሪ አለመጠየቄን ስለማሳወቅ። እኔ አመልካች ልጄ ካፒቴን ባምላክ በጻፈችው ደብዳቤ አርጅታለች፣ ጧሪ የላትም መባሌ ስሕተት ነው። አራት ክፍል አከራያለሁ። ጣሪያዬን ራሴ እመታለሁ፤ ዛሬም መትቻለሁ። ልጄን ጡሪኝ አላልኋትም። ስትቀጠር ዋሷ እኔ ነበርሁ፤ ዛሬም ዋሷ እኔ ነኝ። ስለዚህ በእኔ ስም የቀረበው ምክንያት ተሰርዞ ወደ ተመደበችበት እንድትሄድ አመለክታለሁ።» ፈረሙበት። አያ ዳኜ ከታች በኩል ባዶውን እያሳዩ ግልባጩ ለማን ይሁን አሉ። ወይዘሮ አዝመራ ትንሽ አሰቡና «ለካፒቴን ባምላክ» አሉ።

የጣቢያው ቢሮ እዚያው አራዳ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለው ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ካርታ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ቀለም ነጥቶ ይታያል። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ባዶ መደርደሪያ አጠገብ ለብቻቸው ተቀምጠው ከራዲዮ መገናኛው አይለዩም። ሰውየው ዘጠኝ ዓመት የሠሩበትን ቢሮ በገዛ እጃቸው እየጠቀለሉ ስለሆነ ፊታቸው ደስ አይልም። ወረቀቱን ተቀብለው ቆመው አነበቡ። ጣሪያው ጋ ሲደርሱ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ግልባጩ ጋ ሲደርሱ ግን ተቀመጡ።

«እትዬ አዝመራ፣ ከማኅደሯ ጋር አያይዘዋለሁ። ግን እሷ ራሷ ካልፈረመች ምንም አላደርግም፤ ለአካለ መጠን የደረሰች ሰው ናት። እኔም ለምኛታለሁ። ድሬዳዋ የካፒቴኖቹ አለቃ እንድትሆን እኮ ነው የተመደበችው። አልነገረችዎትም?»

ወይዘሮ አዝመራ የቀሚሳቸውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ። አለቃ። እሳቸው ከካፒቴን በላይ ምን እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር። ይህንን ሹመት ያህል ነገር ይዛ፣ ቁርስ ላይ ተቀምጣ ስለ እንቁላል ማውራቷን አሰቡና ልባቸው በኩራትም በንዴትም አንድ ላይ ሞላ።

በዚህ መሃል ራዲዮኑ ተንኮሻኮሸ። «ጣቢያ፣ ባምላክ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ። ወይዘሮ አዝመራ ልጃቸው ስትሠራ ድምፅዋን ሰምተው አያውቁም፤ እሷ መሆኗንም የለዩት ስሟን ስትናገር ነው። «ደመናው ገደሉ አፍ ላይ ተኝቷል። ሜዳው አይታየኝም። ከላይ እየዞርሁ እጠብቃለሁ፤ ነዳጅ በቂ አለኝ።» አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰዓታቸውን አዩ። ሆቴል የሽኝት ምሳ ተዘጋጅቷል፤ ዳይሬክተሩ ንግግር ያደርጋሉ፤ ማታውኑ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። «ባምላክ፣ ዳይሬክተሩ ምን ይላሉ?» አሉ። «ከደመናው ሥር ግቢ ይላሉ። አይታየኝም፣ አልወርድም ብያቸዋለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ይገፋዋል። እናቴ ናት የነገረችኝ፤ የዚህ አገር ሰው ናት፤ እስካሁን ተሳስታ አታውቅም።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወይዘሮ አዝመራን አዩ፤ እሳቸው ወለሉን አዩ። ያ ድምፅ አልጮኸም፣ አልተለማመጠም፣ አልቸኮለም። የባላቸው ወንድሞች ቤቱን ሽጠሽ አካፍይን ብለው በመጡ ጊዜ እሳቸው የመለሱላቸው በዚሁ ድምፅ ነበር። ነፋሱንም በእርግጥ እሳቸው ናቸው የነገሯት፤ ልጅ ሳለች፣ ለምሽት ጨዋታ ያህል፣ የትውልድ አገራቸው ገደል ጧት ደመናውን ለብሶ ተኝቶ እኩለ ቀን ሲሆን እንደሚገልጠው። ልጅቱ ጨዋታውን ይዛው ሰማይ ወጥታለች። ስድስት ሰዓት አልፎ ሩብ ሲሆን ራዲዮኑ እንደገና ተናገረ፤ ሜዳው ተገልጧል፣ ልትወርድ ነው። ትንሽ ቆይቶ «አርፈናል» አለ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ወይዘሮ አዝመራ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ግልባጩን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

«እንግዲህ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮውን አይዝጉ» አሉ።

በታክሲው ማራኪ እስኪደርሱ ከማንም ጋር አላወሩም። ልጅቱ ለምን አልሄድም እንዳለች አሁን ገብቷቸዋል፤ ወረቀት የሚሽረውም ነገር እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ከአጥሩ ባሻገር ባለው ግቢ ሚስጥር የምትባል የነርስነት ተማሪ አለች። ለአራት ሆነው በአንድ ክፍል ታጭቀው ስለሚኖሩ፣ ከመስከረም ጀምሮ ወይዘሮ አዝመራን ክፍል ሲለቀቅ አደራ ስትላቸው ከርማለች። በአጥሩ ላይ ጠሯት። ክፍል ተለቋል፤ ከዋናው ቤት ነው፣ መስኮቱ ወደ ግቢ ነው፣ ዋጋውም እንደ ጓሮዎቹ ነው አሏት። ልጅቱ መቼ ልግባ ብትላቸው፣ «አሁን» አሉ።

ከዚያ ወደ ባምላክ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ሸሚዞቿን አንድ በአንድ አጣጠፉ፤ ባለ አራት መስመሩን የትከሻ ጨርቅ በመሐረብ ጠቀለሉ። መጻሕፍቷን፣ ጫማዋን፣ ከግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀቷን አወረዱ። ስሱን ነጠላ ከላይ አደረጉ። እጃቸው እንደ ሁልጊዜው ፈጣን ነበር፤ የአልጋውን አንሶላ ሲያነሡ ግን ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ይህች ክፍል ባዶ ሆና የምትታይበትን ማታ ፈሩ፤ በእውነት ፈሩ። ይህን ለማንም አይናገሩም። ሚስጥር ፍራሿን በራሷ ተሸክማ ስትመጣ ክፍሉ ተጠርጎ ወለሉ በውሃ ተወልውሎ አገኘችው።

ባምላክ አሥር ተኩል ሲሆን ደረሰች። ፒካፑ በር ላይ ቆሞ ቀረ። የሽኝቱ አበባ በእጇ ነው፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሻንጣ ቆሞ አየች። ክፍሏን ከፈተች፤ የማታውቃት ልጅ መጋረጃ እየሰቀለች ነው። ይቅርታ ብላ መልሳ ዘጋችው። እናቷ ሳሎን፣ ጧት በተቀመጡበት ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።

«እማዬ፣ ክፍሌ ውስጥ ያለችው ማን ናት?»

«ተከራይ ናት።»

«እኔስ የት ልኖር ነው?»

«ድሬዳዋ።» ከደረታቸው ወረቀቱን አውጥተው ሰጧት። «የአንች ግልባጭ ነው።»

ባምላክ አነበበችው። ጣሪያው ጋ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት፤ ዋሷ የሚለው ጋ ስትደርስ ግን ሳቁ ተቆረጠ። አበባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እንደ ጧቱ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ተማሪዋ ፍራሿን ስትጎትት ይሰማል።

«እማዬ፣ ደብዳቤው ላይ የዋሸሁት ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች። «አንቺ ጧሪ እንደማትፈልጊ አውቃለሁ። እኔ ነኝ አንቺን ትቼ መሄድ ያቃተኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ አዝመራ። «ክፍሉን ያከራየሁት ለዚያ ነው።»

ባምላክ እንባዋን በሸሚዟ እጅጌ ጠረገች። እሳቸው የታጠበ መሐረብ ያቀብሏት ነበር፤ ነገር ግን መሐረቡን ለትከሻው ጨርቅ ስለተጠቀሙበት እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው ጠረጉላት። ፊቷን ከነኳት ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። «ከሰማይ ላይ ለዚያ ሹም አልወርድም ስትይው ሰምቻለሁ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሸጋ አድርገሻል። በይ ሂጅ ፈርሚ፤ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። ዛሬ ከእኔ ጋር ታድሪያለሽ፤ አልጋዬ ሰፊ ነው።» ባምላክ ብድግ አለች፤ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ግልባጩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ከታች በኩል «ደርሶኛል» ብላ ጻፈች፤ ቀኑን አሰፈረች፤ ፈረመች። ከዚያ ወደ ፒካፑ ሮጠች።

ወይዘሮ አዝመራ እስከ በሩ ሸኟት። መኪናው ወደ አራዳ ሲታጠፍ አቧራው እስኪበርድ ቆሙ። ሲመለሱ ጉንጫቸው ርሶ ነበር፤ አልጠረጉትም፣ የሚያያቸው የለም ብለው ነው። ሚስጥር ግን የመጋረጃ ሚስማር በእጇ ይዛ መዶሻ ልትዋስ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ የቆሙትን ሻንጣዎች አየች።

«እማማ፣ ልጅዎ ናት አብራሪዋ?» አለች።

ወይዘሮ አዝመራ አፋቸውን ለማረም ከፈቱ፤ ከዚያ ተዉት። አለቃ የሚለው ቃል ለአፋቸው ገና አዲስ ነበር። ወገባቸውን አቀኑ።

«የካፒቴኖቹ አለቃ ናት» አሉና መዶሻውን ከክፍላቸው አምጥተው አቀበሏት።